ቱር ዳፍሪክ

ቱር ዳፍሪክ ከግብፅ ዋና ከተማ ከካይሮ ተነሥቶ በደቡብ አፍሪካዋ ኬፕታውን የሚያበቃ፣ በዓመት አንድ ጊዜ የሚዘጋጅ የረጅም ርቀት የብስክሌት ጉዞ ነው። ርዝመቱ ወደ 12,000 ኪሎ ሜትር ሲሆን አራት ወር ገደማ ይፈጃል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው ከጥር እስከ ግንቦት 1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2003) ነበር። ነባሩ መስመር ወደ ኢትዮጵያ በመተማ ገብቶ በጎንደር፣ በባሕር ዳር፣ በአዲስ አበባና በሐዋሳ በኩል ያልፍና በሞያሌ ወደ ኬንያ ይወጣል። ከመተማ ቆላ ወደ ጎንደር የሚያወጣው ዳገት ከጉዞው ሁሉ ከባድ ከሚባሉት ክፍሎች አንዱ ነው።

ስያሜና አጀማመር

«ቱር ዳፍሪክ» የፈረንሳይኛ ሐረግ ሲሆን ትርጉሙ «የአፍሪካ ዙር» ማለት ነው። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1903 የተጀመረውን ቱር ደ ፍራንስን ያስታውሳል፤ ይሁን እንጂ ሁለቱ በዓይነታቸው ይለያያሉ። ቱር ደ ፍራንስ በክለብ የታቀፉ ባለሙያ ብስክሌተኞች ለሦስት ሳምንት የሚፎካከሩበት ውድድር ነው። በቱር ዳፍሪክ ግን ክፍያውን የከፈለና ጤናው የሚፈቅድለት ማንኛውም አዋቂ ሰው መሳተፍ ይችላል። ጡረታ የወጡ ሰዎች፣ ከሥራ ፈቃድ የወሰዱ ሠራተኞችና ትምህርታቸውን የጨረሱ ወጣቶች ጎን ለጎን ይጓዛሉ።

ጉዞውን ያቋቋሙት ሄንሪ ጎልድና ማይክል ደ ዮንግ ናቸው። አዘጋጁ ድርጅት መቀመጫው በካናዳዋ ቶሮንቶ ሲሆን፣ በሌሎች አህጉራትም ተመሳሳይ ጉዞዎችን ማዘጋጀት ከጀመረ በኋላ ቲዲኤ ግሎባል ሳይክሊንግ በሚል ስም ይታወቃል። የመጀመሪያው ጉዞ አፍሪካን በሰው ጉልበት ብቻ በፍጥነት በማቋረጥ በጊነስ የድንቃ ድንቅ መዝገብ ሰፍሯል።

አጠቃላይ መስመሩ

ነባሩ መስመር ግብፅን፣ ሱዳንን፣ ኢትዮጵያን፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን፣ ዛምቢያን፣ ቦትስዋናን፣ ናሚቢያንና ደቡብ አፍሪካን ያካልላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከግብፅ ወደ ሱዳን የሚገባው ከአስዋን ወደ ዋዲ ሃልፋ በጀልባ ነበር። ብስክሌት የሚነዳባቸው ቀናት አማካይ ርቀት 120 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው።

ጉዞው በስምንት ክፍሎች ይከፈላል። ለአራት ወር መጓዝ የማይችል ሰው አንዱን ክፍል ወይም ሁለቱን ብቻ መርጦ መሳተፍ ይችላል። ከካርቱም እስከ አዲስ አበባ ያለው ክፍል በዓባይ በረሃ ምክንያት «ገደሉ» የሚል ስያሜ ተሰጥቶታል። የጎንደር መንገድ የሚገኘው በዚህ ክፍል ውስጥ ነው።

ከመተማ እስከ ጎንደር

መተማ ዮሐንስ በሱዳን ድንበር ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ስሟ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከደርቡሽ ጦር ጋር ሲዋጉ ከወደቁበት ጦርነት ጋር ይያያዛል። ከተማዋ ከባሕር ወለል 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ አካባቢው በሰሊጥና በጥጥ እርሻ የታወቀ ቆላ ነው። ጎንደር ደግሞ በ2,133 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

መንገዱ ከመተማ ተነሥቶ በኮኪት፣ በሸኸዲ (ገንዳ ውሃ)፣ በነጋዴ ባሕርና በጭልጋዋ አይከል በኩል አልፎ አዘዞ ላይ ከባሕር ዳር – ጎንደር መንገድ ጋር ይገናኛል። ይህ መስመር በሙሉ ቀድሞ በሰሜን ጎንደር ዞን ሥር ነበር። ዞኑ በ2010 ዓ.ም. ገደማ በሦስት ሲከፈል መተማ በምዕራብ ጎንደር፣ ጭልጋ በማዕከላዊ ጎንደር ዞን ውስጥ ሆነዋል።

የከፍታ ልዩነቱ 1,400 ሜትር ያህል ቢሆንም ብስክሌተኛው የሚወጣው ዳገት ከዚያ ይበልጣል። መንገዱ ወጥቶ መልሶ ስለሚወርድ፣ ዳገቱ ሁሉ ሲደመር ከ2,000 ሜትር ያልፋል። ብስክሌቱን ጨምሮ 85 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጭነት 2,000 ሜትር ለማውጣት የሚያስፈልገው ጉልበት 400 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነው። ሰውነት ከሚያቃጥለው ምግብ ወደ ፔዳሉ የሚደርሰው ግን ሩብ ገደማው ብቻ ስለሆነ፣ ተሳታፊው ለዳገቱ ብቻ 1,600 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያወጣል። የነፋሱ፣ የመንገዱ ሰበቃና የሙቀቱ ድካም ከዚህ በላይ ይታከላል።

ተሳታፊዎቹ እዚህ የሚደርሱት ለሳምንታት በሱዳን ሜዳ ላይ ከተጓዙ በኋላ ነው። ለሜዳ የለመደ እግር በአንድ ጊዜ ዳገት ይገጥመዋል። ወቅቱ የካቲት አካባቢ በመሆኑ የመተማ ቆላ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል፤ ወደ አይከል ሲወጣ ግን አየሩ ይቀዘቅዛል። በጎንደር ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል። በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች መንገዱ ጠጠር ስለነበር አቧራውና የጎማ መተንፈሱ ተጨማሪ ፈተና ነበር። በኋላ አስፋልት ሲሆን ጉዞው ፈጥኗል፤ የተሽከርካሪዎች ፍጥነትም አብሮ ጨምሯል።

የጎንደር ቆይታ

ጎንደር ተሳታፊዎች አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ የሚያርፉባት ከተማ ናት። ልብስ የሚታጠበው፣ ካቴና የሚጸዳውና የሚቀባው፣ የተበላ ጎማ የሚቀየረው በእረፍት ቀን ነው። ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የፋሲል ግቢን፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንንና የፋሲል መዋኛን ይጎበኛሉ። ጉዞው ከካይሮ የሚነሣው በጥር ወር በመሆኑ የጎንደርን የጥምቀት በዓል አይደርስበትም።

ለተሳታፊው ትልቁ ጉዳይ ምግብ ነው። የካቲት ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም የሚገባበት ሰሞን ስለሆነ ከተለመዱት ምግብ ቤቶች ብዙዎቹ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት አያቀርቡም። ከጾም ውጪ ባሉት ሳምንታትም ረቡዕና ዓርብ እንዲሁ ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ በየዓይነቱና ፓስታ በቂ ጉልበት ስለሚሰጡ ይህ ችግር የሚሆነው ቀድሞ ላልተነገረው ሰው ነው። ምግብ የሚገዙት ሠራተኞች የጾሙን ቀን አስቀድመው ማወቃቸው የግድ ነው።

ከጎንደር በኋላ

ከጎንደር እስከ ባሕር ዳር ያለው መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በማክሰኚት፣ በአዲስ ዘመንና በወረታ ያልፋል። ከመተማው መንገድ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው፤ በተለይ ከወረታ በኋላ ያለው የፎገራ ሜዳ እረፍት ይሰጣል። ከባሕር ዳር በኋላ መስመሩ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ደጀን ያመራል።

በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ያለው የዓባይ በረሃ ሁለተኛው ትልቅ ፈተና ነው። ብስክሌተኛው ከደጀን ወደ ድልድዩ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ፣ ከድልድዩ ወደ ጎሐ ጽዮን ተመጣጣኝ ርቀት መልሶ ይወጣል። ዳገቱ ከ1,300 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተሠራው የህዳሴ ድልድይ ከቀድሞው ድልድይ ጎን ይገኛል። አዘጋጆቹ ይህን ዳገት ለብቻው ሰዓት እየያዙ የሚያወዳድሩበት ጊዜ አለ።

ተሳትፎ

ተሳታፊዎች በሁለት ይከፈላሉ። ተወዳዳሪዎች በየቀኑ የመነሻና የመድረሻ ሰዓታቸው ይመዘገባል። ተጓዦች ግን ያለ ሰዓት፣ ቡና እየጠጡና ፎቶ እያነሡ ይሄዳሉ። ከሁለቱም በላይ የሚከበረው ከካይሮ እስከ ኬፕታውን አንዲት ሜትር እንኳ በመኪና ሳይጫን የጨረሰ ሰው ነው። በዚህ ምክንያት ታመውም ቢሆን ከኮርቻ የማይወርዱ ተሳታፊዎች ይኖራሉ፤ ሐኪሙና አስተባባሪው ሰውን መኪና ላይ ውጣ ለማለት የሚቸገሩትም ለዚህ ነው።

ለጉዞው የሚመረጠው ብስክሌት ጠጠርም አስፋልትም የሚችል፣ ወፈር ያለ ጎማና ለዳገት የሚሆን ዝቅተኛ ማርሽ ያለው ነው። ተሳታፊው መለዋወጫ ጎማ፣ ካላማዳሪያ፣ ካቴና፣ የፍሬን ጫማ፣ የራስ ቁርና ድንኳን ይዞ ይመጣል። ከተማ ውስጥ ባለ ጎሚስታ ቤት የፈነዳ ካላማዳሪያ ማስለጠፍ ይቻላል፤ ዘመናዊ የብስክሌት ክፍሎችን ማግኘት ግን ይከብዳል።

የሙሉው ጉዞ ክፍያ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ከዚህ ላይ የብስክሌቱ ዋጋና የየአገሩ ቪዛ ሲጨመር ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ የሚደፈር አይደለም። መንገዱ በኢትዮጵያ ደጃፍ ቢያልፍም የአገሬው ሰው ከጉዞው ጋር የሚገናኘው ይበልጡን በሥራ፣ በእርዳታና በመንገድ ዳር ሆኖ ነው።

የአንድ ቀን ውሎ

ተሳታፊዎች ጎህ ሲቀድ ተነሥተው ድንኳናቸውን ያፈርሳሉ፤ ሻንጣቸውን መኪና ላይ ጭነው፣ አጃ ወይም ዳቦ በልተው ይነሣሉ። ከመንገዱ አጋማሽ ላይ የምሳ መኪናው ቀድሞ ቆሞ ይጠብቃል፤ ውሃ የሚሞላውም እዚያ ነው። ሌላው መኪና ቀጥታ ወደ ማደሪያው ሄዶ እራት ያዘጋጃል። ማደሪያው አንዳንዴ የሆቴል ግቢ፣ ብዙ ጊዜ ግን ከመንገድ ወጣ ያለ ሜዳ ነው። ማታ ሁሉም ተሰብስቦ የነገው መንገድ ይነገረዋል፤ ርቀቱ፣ ዳገቱ፣ መታጠፊያውና የምሳው ቦታ በነጭ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል።

ድጋፍ ሰጪዎችና በጎ ፈቃደኞች

ፔዳሉን የሚመታው ተሳታፊው ራሱ ቢሆንም፣ መድረስ አለመድረሱ በአብዛኛው በሌሎች ሰዎች እጅ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ የሚከተሉት የሥራ ድርሻዎች የተለመዱ ናቸው፦

አስተባባሪ፦ የየቀኑን ዕቅድ ያወጣል፤ ከአካባቢ አስተዳደርና ከፖሊስ ጋር ይነጋገራል።

መንገድ አመልካች፦ ቀድሞ ሄዶ በየመታጠፊያው ደማቅ ቀለም ያለው ጥብጣብ ያስራል። በጎንደር መስመር ወሳኙ ቦታ አዘዞ ነው። ከጭልጋ የመጣ ብስክሌተኛ ወደ ግራ ሲታጠፍ ጎንደር ይገባል፤ ወደ ቀኝ ከታጠፈ ግን የባሕር ዳርን መንገድ ይይዛል። ሙሉ ቀን ዳገት ወጥቶ የደከመ ሰው እዚህ ከተሳሳተ ያለውን ጥቂት ጉልበት ለመመለሻ ያወጣዋል። በዚህ መገናኛ ላይ የሚቆም አንድ ሰው ከጥብጣቡ ይበልጣል።

ጭራ ጠባቂ፦ ከሁሉም ኋላ እየነዳ ማንም በመንገድ እንዳልቀረ ያረጋግጣል። ፈጣን መሆን አይጠበቅበትም፤ ታጋሽ መሆን ግን አለበት።

ጠጋኝ፦ ማታ ማታ ፍሬንና ማርሽ ያስተካክላል።

ሐኪም ወይም ነርስ፦ የቆሰለውን ያክማል፤ ተቅማጥ የያዘውን ይከታተላል፤ መንዳት የማይገባውን ያስቆማል።

አብሳይና ሹፌር፦ በየገበያው አትክልት፣ ዳቦና ውሃ እየገዙ ለብዙ ሰው ያዘጋጃሉ።

አስተርጓሚ፦ ቋንቋ ከመተርጎም ባሻገር ማደሪያው በማን መሬት ላይ እንደሆነ ጠይቆ ያስፈቅዳል፤ ከመንደሩ ሽማግሌዎች ጋር ይነጋገራል፤ ሌሊት የሚጠብቅ ሰው ይቀጥራል።

ከነዚህ መካከል ቋሚ ሠራተኞቹ ጉዞውን በሙሉ አብረው ይጓዛሉ። በየአገሩ ደግሞ ቋንቋና መንገድ የሚያውቁ ሰዎች ለተወሰነ ጊዜ ይቀላቀላሉ። በኢትዮጵያ በስፖርት ዝግጅት ላይ በበጎ ፈቃድ ማገልገል እንግዳ ነገር አይደለም። በኅዳር 1994 ዓ.ም. በተጀመረው በታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ውሃ የሚያድሉና መንገድ የሚያሳዩ በጎ ፈቃደኞች የተለመዱ ናቸው። የብስክሌት ጉዞ የሚለየው አገልግሎቱ በአንድ አደባባይ ሳይወሰን በ100 ኪሎ ሜትር ላይ የተዘረጋ መሆኑ ነው። በአንድ መታጠፊያ የቆመ በጎ ፈቃደኛ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ብስክሌተኛ ለማሳለፍ ከአምስት ሰዓት በላይ ሊጠብቅ ይችላል። የራሱን ውሃ፣ ምሳና የተሞላ ስልክ ይዞ መምጣት፣ የሚያልፉትንም መቁጠር ይኖርበታል። ቁጥሩ ከጎደለ ፍለጋው ወዴት እንደሚጀመር የሚታወቀው በዚህ ቆጠራ ነው።

ከመንገድ ዳር ማኅበረሰብ ጋር ያለ ግንኙነት

የኢትዮጵያ መንገድ ከሱዳን በረሃ የሚለየው ሰው የማይጠፋበት በመሆኑ ነው። ብስክሌተኛው የትም ቢቆም በደቂቃዎች ውስጥ ልጆች ይከቡታል። «ዩ! ዩ!»፣ «ፈረንጅ!»፣ «ሃይላንድ!» የሚሉ ድምፆች ቀኑን ሙሉ ይሰማሉ። «ሃይላንድ» ቀድሞ የታሸገ ውሃ ስም ሲሆን ባዶው ፕላስቲክ በዚያው ስም ይጠራል፤ ልጆቹ የሚፈልጉት ለውሃ መያዣነት ነው።

በዚህ መስመር ላይ በተጓዦች ዘንድ በተደጋጋሚ የሚነሣው ችግር ልጆች የሚወረውሩት ድንጋይ ነው። ብዙ ጊዜ ሳይመታ ያልፋል፤ አንዳንዴ ግን ያቆስላል፤ በቁልቁለት ላይ ሲሆን ደግሞ ለመውደቅ ያበቃል። ለምን እንደሚደረግ የተለያዩ ምክንያቶች ይሰጣሉ። አንደኛው፣ በከብት ጥበቃ ላይ ያለ ልጅ የራቀን ከብት በድንጋይና በወንጭፍ መመለስ የዕለት ሥራው መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ልጆች በቡድን ሲሆኑ እርስ በርስ መደፋፈራቸው ነው። ሦስተኛው፣ ቀድመው ያለፉ መንገደኞች ከረሜላ፣ እስክሪብቶና ገንዘብ እየበተኑ መሄዳቸው ነው፤ የለመደው ሲቀርበት ልጁ ይናደዳል።

የተለመደው ምክር ፍጥነትን መቀነስ፣ ልጆቹን ዓይን ለዓይን ማየት፣ በአማርኛ «ሰላም ነው?» ወይም «እንደምን ዋላችሁ?» ማለት፣ ስጦታ አለመበተንና ትልቅ ሰው ሲገኝ ማናገር ነው። ሰላምታ የተሰጠው ልጅ ብዙ ጊዜ አጸፋውን ይመልሳል። በአገሩ ባህል የሌላውን ልጅ መገሠጽ የማንኛውም አዋቂ መብትና ግዴታ ስለሆነ፣ የአንድ እናት ወይም ሽማግሌ ቁጣ ብስክሌተኛው ራሱ ከሚያሰማው ጩኸት ይበልጥ ይሠራል። ልጆችን አሳድዶ መምታት ግን ጠብ ከማስነሣቱም በላይ ኋላ ለሚመጡት ተሳታፊዎች አደጋ ያስከትላል።

ጉዞው በሚያልፍባቸው ቦታዎች የሚተወው ጥቅም ማደሪያ፣ ምግብና የቀን ሥራ ነው። ከጉዞው ጋር የተያያዘው በጎ አድራጎት ድርጅት በመስመሩ ላይ ባሉ አገሮች ለጤና ሠራተኞች፣ ለተማሪዎችና ለማኅበራት ብስክሌቶችን ሲሰጥ ቆይቷል። የጉዞው መሥራቾች ብስክሌት ለአፍሪካ ርካሽና ጠቃሚ መጓጓዣ መሆኑን ማሳየት ከዓላማቸው አንዱ እንደሆነ ይገልጻሉ።

ጤናና ደኅንነት

በቆላው ክፍል ዋናዎቹ ስጋቶች የሙቀት ድካም፣ የውሃ እጥረትና ወባ ናቸው። መተማና አካባቢው በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው የካላዛር በሽታ ከሚገኝባቸው ቆላዎች አንዱ በመሆኑ ውጭ ማደር ዚፑ የሚዘጋና መረቡ ያልተቀደደ ድንኳን ይጠይቃል። በከፍታው ክፍል ደግሞ የሌሊት ቅዝቃዜ፣ የፀሐይ ቃጠሎና የትንፋሽ ማጠር ይከሰታሉ። በቁልቁለት ላይ ያለው አደጋ ከዳገቱ የከፋ ነው፤ መንገድ የሚያቋርጡ ከብቶች፣ አህዮችና ውሾች፣ ፈጥነው የሚያልፉ ሚኒባሶችና አይሱዙ መኪናዎች ይገኙበታል። በዚህ መስመር ከፍተኛ ሕክምና የሚገኘው በ1947 ዓ.ም. በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት በተመሠረተው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው።

የሰሜን ጎንደር ደጋ

ቱር ዳፍሪክ ከጎንደር ወደ ደቡብ ስለሚታጠፍ የሰሜን ተራሮችን አይነካም። ለብስክሌት የሚመርጡት ሌሎች ተጓዦች ግን ይህን ደጋ በራሳቸው ይጓዙበታል። ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት ያልፋል። ደባርቅ የሰሜን ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ናት። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ ሲሆን፣ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ራስ ደጀን በዚሁ ሰንሰለት ላይ ይገኛል። ከደባርቅ ወደ ሰንቀበርና ጭነቅ የሚወስደው የጠጠር መንገድ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሚሄድ ለከፍታው ለመለማመድ ጥቂት ቀናት ያስፈልጋሉ። ከደባርቅ ወደ ሰሜን የሚወርደው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራ ነው፤ ገደሉ ጥልቅ በመሆኑ ፍሬንን ይፈትናል።

ብስክሌት በአካባቢውና በኢትዮጵያ

ጎንደር ዳገታማ ከተማ በመሆኗ እንደ ባሕር ዳር በብስክሌት አትታወቅም፤ በየሰፈሩ የሚያመላልሰው ባጃጅ ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ላይ ስለተቆረቆረች ብስክሌት ለሥራና ለትምህርት ቤት ሲያገለግል ኖሯል። በውድድር በኩል ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ በብስክሌት ተሳትፋለች፤ ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ገረመው ደንቦባ ነበር። ጽጋቡ ገብረማርያም እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በኅዳር 2011 ዓ.ም. በከተሞች የተጀመረው ከተሽከርካሪ ነፃ ቀን ደግሞ ብስክሌትን ለመዝናኛ ወደ ጎዳና አውጥቶታል።

መቋረጥና የመስመሩ ሁኔታ

የ2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2020) ጉዞ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ኬፕታውን ሳይደርስ ተቋርጧል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ የተነሣው ጦርነት፣ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን የጀመረው ጦርነትና በዚያው ዓመት ክረምት በአማራ ክልል የተባባሰው ግጭት ከካርቱም በመተማ ወደ ጎንደር በመሬት የሚደረገውን ጉዞ አስቸጋሪ አድርገውታል። በጎንደር ይህ የሚነካው ብስክሌተኞቹን ብቻ አይደለም፤ ከእንግዳ ገቢ የሚያገኙ አስጎብኚዎችን፣ ሆቴሎችን፣ አስተርጓሚዎችንና ባጃጅ ነጂዎችን ጭምር ነው። መንገዱ፣ ዳገቱና የአዘዞ መታጠፊያ ባሉበት አሉ፤ የጉዞው መመለስ የሚወሰነው በሁለቱም አገሮች ሰላም ነው።